ከሶላር ፓኔሉ በፊት የጄኔሬተሩ ክፍል ይታይ

በዓለም ከሚለቀቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ከ4 እስከ 5 ከመቶ የሚሆነው ከጤናው ዘርፍ ይወጣል። አብዛኛው የበለጸጉት አገሮች ድርሻ ነው፤ ሆኖም በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ታዳጊ አገሮችም የጤና ሥርዓታቸውን ልቀት ለመቀነስ ቃል ገብተዋል። ቃሉ ሥራ ላይ ይዋል ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ጣሪያ ላይ ሶላር መትከል ነው። በእኛ እምነት ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሆስፒታል መጀመሪያ መታየት ያለበት ያለልኩ የተገዛ ጄኔሬተር ነው። 80 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጄኔሬተር በሙሉ ጭነት በሰዓት 23 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠጣል። ሌሊት ጭነቱ ወደ 20 ኪሎዋት ሲወርድ ግን ፍጆታው ሩብ አይሆንም፤ 9 ሊትር አካባቢ ላይ ይቀራል። ያንኑ ጭነት ለልኩ የተመረጠ ትንሽ ጄኔሬተር በ6 ወይም በ7 ሊትር ይሸከመዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ በ10 ሰዓት ሥራ ልዩነቱ ከ50 ኪሎ ይበልጣል። ከዚህም በላይ ከ30 ከመቶ ባነሰ ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ሞተር ነዳጁን በወጉ አያቃጥልም፤ ጥላሸትና ያልነደደ ናፍጣ ጭስ ማውጫውንና ኢንጀክተሩን ይደፍኑታል። ስለዚህ ማንኛውም ግዢ ከመታሰቡ በፊት ቆጣሪ ተገጥሞ የአንድ ሳምንት ጭነት በየሰዓቱ ይመዝገብ።

ሶላሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሚከሽፈውም አብዛኛውን ጊዜ በፓኔሉ ሳይሆን በባትሪው ነው። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ ማሽን) 350 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሌት ተቀን ሲሠራ 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ለእሱና ለማዋለጃ ክፍሉ መብራት ተብሎ በተሰላ ባትሪ ላይ የውኃ ማፍያና የቢሮ ኤር ኮንዲሽነር ሲሰኩበት ባትሪው በየሌሊቱ ይራቆታል። የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ የክፍሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ለሕይወት አስፈላጊ የሆኑት መሣሪያዎች የራሳቸው መስመር ይኑራቸው፣ አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳው ማሽን) ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ይሥራ፣ የባትሪ መተኪያ በጀት ከመጀመሪያው ይያዝ። በጀቱ ካልተያዘ ናፍጣው ተመልሶ ይመጣል።

ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወጣው ጋዝ ስለማይታይ ይረሳል። ለማደንዘዣ የሚውለው ናይትረስ ኦክሳይድ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። 1 ኪሎ ካመለጠ ወደ 100 ሊትር ናፍጣ እንደማቃጠል ነው። ጋዙ ከማዕከል በቧንቧ በሚሰራጭባቸው ሆስፒታሎች ብዙው በሽተኛው ዘንድ ሳይደርስ በመጋጠሚያና በቫልቭ ይወጣል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ቀዶ ሕክምና በሌለበት ሌሊት የሲሊንደሮቹ ቫልቭ ይዘጋ፣ የግፊት መለኪያው ማታና ጠዋት ይነበብ። ግፊቱ ከወረደ ቧንቧው ያፈሳል። ያረጀ ቧንቧ በውድ ከመጠገን ዘግቶ፣ ማደንዘዣ ማሽኑ ላይ ትንሽ ሲሊንደር መግጠም ይሻላል። መስመሩ ግን የኦክስጅን አለመሆኑ በሁለት ሰው ሳይረጋገጥ ምንም ቫልቭ አይነካ።

በትንፋሽ ከሚሰጡት ማደንዘዣዎች ዴስፍሉሬን የተባለውን በሲቮፍሉሬን መተካትም ልቀቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ከማደንዘዣ ማሽኑ ወደ በሽተኛው የሚሄደውን የጋዝ ፍሰት በደቂቃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ማውረድ ሌላው መንገድ ነው፤ ይህ ግን የሚሠራ የጋዝ መለኪያና ያልደከመ “ሶዳ ላይም” (ከበሽተኛው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመጥ ኬሚካል) በሌለበት ክፍል መሞከር የለበትም። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ ፍሰቱ ባለበት ይቆይ፤ የበሽተኛው ደኅንነት ይቀድማል።