ዕጩነቱ የማን ነበር?
ስለ ስኮትላንዳዊው የፊልም ሙዚቃ መሪ (ኦርኬስትራ መሪ) ስለ ሙየር ማቲሰን እዚህ የወጣው ጽሑፍ «ሙየር ማቲሰን ‹ጄኔቪቭ› ለተባለው ፊልም በደረሰው ሙዚቃ ለኦስካር ታጭቶ ነበር» ይላል፤ ይህ መታረም አለበት። ሙዚቃውን የደረሰውም፣ በሃርሞኒካ የተጫወተውም አሜሪካዊው ላሪ አድለር ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲወጣ አድለር በኮሚኒስት ደጋፊነት ተጠርጥሮ በሆሊውድ ጥቁር መዝገብ (ሥራ እንዳይሰጣቸው በተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር) ላይ ሰፍሮ ስለነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ከታየው ቅጂ ስሙ ተፋቀ። ዕጩነቱ ኦርኬስትራውን ለመራው ለማቲሰን የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ስህተቱን አርሞ ለባለቤቱ የመለሰው በ1986 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ! ማቲሰንን ማሳነሴ አይደለም። የስኮትላንዱ ሰው ክብሩን ከሌላ ሰው መሶብ ማንሳት አያስፈልገውም፦ እንግሊዛዊውን ቮን ዊሊያምስን የሚያህል አንጋፋ የሙዚቃ ደራሲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ ፊልም ያመጣው እርሱ ነው፤ የዊልያም ዋልተንን የ«ሄንሪ አምስተኛ» ፊልም ሙዚቃም የመራው እርሱ ነው። ከእኔ አስተያየት በላይ «በትር ማወዛወዝ ምን ሥራ ነው?» ብለው የጻፉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ የሂችኮክን ፊልም «ቨርቲጎ»ን ይመልከቱ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ሥራ በማቆማቸው በርናርድ ኸርማን ለፊልሙ የደረሰው ሙዚቃ ለንደን ላይ መቀረጽ ጀመረ፤ የለንደኖቹም ለባልንጀሮቻቸው አግዘው ሲያቆሙ ቀረጻው ቪየና ሄደ። በሁለት ከተማ፣ በሁለት ኦርኬስትራ፣ ደራሲው ራሱ በትሩን ሳይዝ፣ ሙዚቃውን ከምስሉ ጋር በሰከንድ እያስማማ የመራው ማቲሰን ነበር። ሲሰሙት የሁለቱ ቀረጻዎች ስፌት የቱ ጋር እንደሆነ ከለዩ ይንገሩኝ፤ እኔ ደጋግሜ ሰምቼ አላገኘሁትም።