የደሴ ጉም፣ የኮምቦልቻ ደመና

በየሳምንቱ የምንሰማው የአየር ትንበያ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከፍታ። በአብዛኛው የምሥራቅ አማራ አካባቢ ዝናብ ይኖራል ይባላል። እሺ፣ ይኑር። ግን የት? ደሴ ነው ኮምቦልቻ?

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ15 አይበልጥም። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በ1,000 ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ጠዋት ደሴ ፒያሳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ክንዱ ላይ ያደርጋል። ለእነዚህ ሁለት ሰማዮች አንድ ዓይነት ትንበያ መስጠት ትክክል አይደለም።

ከሙቀቱም በላይ ልዩነቱ የሚታየው ደመናው ላይ ነው። ኮምቦልቻ 24 ዲግሪ ነው እንበል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ የሚለወጠው ደግሞ 18 ዲግሪ ሲደርስ ነው እንበል። ልዩነቱ 6 ዲግሪ ነው። ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 125 ሜትር ይቆጥራሉ፤ 750 ሜትር ማለት ነው። አየሩ ከኮምቦልቻ ተነስቶ 750 ሜትር ሲወጣ 2,600 ሜትር ላይ ደመና ይጀምራል። ይህ ከደሴ ትንሽ ከፍ ብሎ ጦሳ ተራራ ላይ ነው። አሁን እርጥበቱ ትንሽ ይጨምርና ልዩነቱ 5 ዲግሪ ይሁን። ደመናው ወደ 2,475 ሜትር ወረደ። ደሴ መሀል ገባ ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሲያይ ተራራው ላይ የተጋደመ ደመና ያያል። ደሴ ያለው ግን ጉም ውስጥ ነው። ሐረጎ ላይ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከፊቱ ያለውን መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ ይሄዳል። ለዚህ ሾፌር «ቀኑ በከፊል ደመናማ ይሆናል» የሚለው ምን ይጠቅመዋል?

የስልኩም ትንበያ ከዚህ ብዙ አይሻልም። አብዛኛው ስሌት ምድርን በብዙ ኪሎ ሜትር ካሬ ከፋፍሎ ለአንዱ ካሬ አንድ አማካይ ከፍታ ይሰጣል። ተራራና ሸለቆ እንደኛ ተቃቅፎ በሚኖርበት አገር ያ አማካይ የማንም ከፍታ አይደለም።

ስለዚህ ሰማይ ማየትም መልመድ አለብን። ደመናን በመልኩ ከፋፍሎ ስም የሰጠው ሉክ ሃዋርድ በሙያው መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ በ1802 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ። ከእሱ ያገኘናቸው ስሞች ዛሬም ይሠራሉ። እንደ ተባዘተ ጥጥ ስስ ሆኖ ከላይ የሚታየው ሲረስ ነው። የበረዶ ቅንጣት ነው፣ በራሱ አያዘንብም። ሰማዩን ሸፍኖ ዝቅ ብሎ የሚተኛው ስትራተስ ካፊያ ቢያመጣ ነው፤ መሬት ሲነካ ጉም የምንለው እሱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ኪዩሙለስ ነው። ረፋድ ላይ ነጭ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ የተነጣጠለ ሆኖ ይታያል። በዚያው ከቀረ ብራ ነው። ወደ ጎን ሳይሆን ሽቅብ ማደግ ከጀመረ ግን ኮምቦልቻ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ያሰጣች እናት ማንሳት መጀመር አለባት። ሥሩ ጠቁሮ አናቱ ተዘርግቶ ሲንጣለል ኪዩሙሎኒምበስ ሆኗል። መብረቁም፣ በረዶውም፣ ዶፉም ከእሱ ነው። በክረምት ይህ ሁሉ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ለተማሪ ማሳየት መጽሐፍ አይጠይቅም፤ ከክፍል ወጥቶ ማየት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በዓይን ብቻ አይያዝም፤ ቦርከና። ወንዙ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ላይ ዶፍ ሲወርድ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ዳር ልብስ የሚያጥብ ልጅ ራሱ ላይ ደመና ስለሌለ ይዝናናል፤ ደራሹ ጎርፍ ግን መንገድ ጀምሯል። የደሴ ትንበያ ለኮምቦልቻ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተለይቶ ይነገር ስል አንዱ የሌላውን አይስማ ማለቴ አይደለም።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። በሳምንቱ ትንበያ ላይ ለደሴ አንድ መስመር፣ ለኮምቦልቻ አንድ መስመር። ዝናቡ ጠዋት ነው ከሰዓት የሚለው ይጨመር። ጉም ሐረጎ ላይ ይጠበቃል ወይ የሚለውም። ደሴ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጠበቅ ደግሞ ለኮምቦልቻ የቦርከና ማስጠንቀቂያ ተያይዞ ይነገር፤ በአካባቢው ሬዲዮ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ በየቀበሌው። ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ዝናብ ነው። ከሰኔ በፊት ቢጀመር ይደረሳል።