ለክቡር «ፖሊሲያችንን አሻሽለናል»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለእኔው ጥቅም ሲባል ለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን ብዙ አይጎዳኝም። ያለፈውን መልእክትዎን አንብቤ ሳልጨርስ አዲሱ ይደርሰኛል።

መምጣት የሚወዱት ማታ ነው። እኔ መብራት ስር ተጎንብሼ ቦርሳ እሰፋለሁ። የቆዳ ቦርሳ፣ በእጅ፣ አንዱ ሁለት ቀን የሚፈጅ። የምሸጠው እርስዎ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ነው። ስልኬ ጢን ይላል። ሞኟ ልቤ «ተሸጠ!» ትላለች። መርፌውን ቆዳው ላይ ሰክቼ፣ ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ስልኩን አነሳለሁ። ገዢ አይደለም። እርስዎ ነዎት። «ውድ አጋራችን፣ የተሻለ ተሞክሮ እንዲኖርዎ ፖሊሲያችንን አሻሽለናል።»

«አጋር» የምትለዋን ቃል ሳያት መጀመሪያ የምዳብሰው ኪሴን ነው። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አይቀየሙኝ።

«አሻሽለናል» ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። እስካሁን ስንቴ ተሻሻሉ? ቆጥሬ አልዘለቅኩትም። ሐኪሙ በየጊዜው ብቅ እያለ «ተሽሎታል» ይላል፣ ታማሚው ያቃስታል። የእኔና የእርስዎ ነገር እንዲያ ሆኗል።

ለማንኛውም ዛሬ የጻፍኩት ለወቀሳ አይደለም። ለምስጋና ነው። ከፎቶው ልጀምር።

የዛሬ ሁለት ዓመት «ምርትዎን በተፈጥሯዊ ቦታው ያሳዩ፤ ገዢዎች ሕይወት ያለው ፎቶ ይወዳሉ» ብለው መከሩኝ። ታዘዝኩ። ቦርሳዎቼን እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ አጠገባቸው መጽሐፍ ገልጬ፣ መነጽር ጣል አድርጌ አነሳኋቸው። መነጽሩ የእኔ አልነበረም፤ ከጎረቤቴ የተዋስኩት ነው። 37 ቦርሳ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ፎቶ። ዘንድሮ መጡና «የፎቶው ጀርባ ንጹሕ ነጭ ካልሆነ ምርቱ ፍለጋ ላይ ወደ ኋላ ይወርዳል» አሉ። መጽሐፉም መነጽሩም በአንድ ሌሊት ወንጀለኛ ሆኑ።

እሺ አልኩ። መስኮቱ ላይ አንሶላ ሰቀልኩ። ከስሩ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ቦርሳ። አነሳሁ፣ ጫንኩ። አስር ሰከንድ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «ፎቶው ውስጥ ለሽያጭ ያልቀረበ ነገር ተገኝቷል።» ምኑ? ፎቶውን አስፍቼ ጥግ ጥጉን አየሁት። ለካ አንሶላው ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ አበባ ተጠልፋለች። ስንት ዓመት ስተኛበት አይቻት አላውቅም። ጫፉን አጥፌ ደገምኩ። «ጀርባው ነጭ አይደለም።» አሁን ደግሞ ማንገቻው ጥላ ጥሎ ነው። ጥላን በምን እንደሚያባርሩት አላውቅም። ፀሐይዋ ዞር እስክትል ወንበሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በሦስተኛው አለፈ። አንድ ፎቶ። ከ185ቱ አንዱ።

በነገራችን ላይ የነጭ ፍቅር የእርስዎ ብቻ አይደለም። አማዞን የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ለዋናው ፎቶ የሚፈልገው ነጭ በቁጥር የተለካ ነው፦ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 255፤ ሦስቱ ሲደመሩ ንጹሕ ነጭ። ምርቱም የፎቶውን 85 በመቶ መሙላት አለበት። እዚያ ቢያንስ የትኛው ነጭ እንደሆነ ተነግሯል። የእርስዎ ነጭ ግን እንዳዋዋልዎ ነው።

ከእያንዳንዱ ሽያጭ ወደሚቆርጡት ኮሚሽን ስንመጣ ደግሞ ዓይን አፋር ይሆናሉ። ስለ ነጭ ጀርባ በደማቅ ፊደል የጮሁት ሰውዬ ገንዘቡ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎ ይጠፋል። አንቀጽ 9፣ ንዑስ አንቀጽ «ሐ»፣ ከታች፦ «አነስተኛ ማስተካከያ ተደርጓል።» ማስተካከያ! አንድ ቀን ወደ ታች የተስተካከለ እንደሆነ እባክዎ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰው ይንገሩኝ።

ዘመድዎ ብዙ ነው። ኤትሲ የሚባለው የእጅ ሥራ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮሚሽኑን ከ3.5 በመቶ ወደ 5 አሳደገ። ከዕቃው ዋጋ ብቻ መሰላችሁ? ገዢው ለመላኪያ ከሚከፍለውም ላይ ጭምር። ኤፕሪል 11 ቀን 2022 ደግሞ 6.5 ገባ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ከዚያው ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ሱቃቸውን ዘግተው አደሙ። ኤትሲ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሳምንቱ አለቀ፣ ሱቁ ተከፈተ፣ 6.5ቱ 6.5 ሆኖ ቀረ።

የመላኪያው ነገር ሁሌም ያስቀኛል። ካርቶኑን የገዛሁት እኔ። ያሸግኩት እኔ። ተሸክሜ የሄድኩት እኔ። ገንዘቡ የፖስታ ቤቱ። እርስዎ ደግሞ ከመሃል ድርሻ አለዎት፤ ላብዎን ጠብ ሳያደርጉ። ኢቤይ የሚባለው ሌላው የኢንተርኔት ገበያማ አሜሪካ ውስጥ ገዢው ከሚከፍለው የሽያጭ ታክስ ላይ ሳይቀር ኮሚሽን ያሰላል። ታክሱ የመንግሥት ነው፣ ሻጩ ኪስ አይገባም። ኮሚሽኑ ግን የሚቆረጠው ከሻጩ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው።

ማስታወቂያም አለ። «ምርትዎን በሌሎች ድረ ገጾች እናስተዋውቅልዎታለን፣ ከተሸጠ ትንሽ ይቆረጣል።» እዚህም ላይ ኤትሲን የሚያህል የለም። በ12 ወር ውስጥ 10,000 ዶላር ያልሸጠ ሻጭ «አልፈልግም» ብሎ መውጣት ይችላል። ከዚያ ያለፈ ግን ሱቁ እስካለ ድረስ መውጫ የለውም። ልጅ ሲያድግ «እምቢ» ማለት ይጀምራል፤ እዚያ ቤት ግን ሲያድጉ ነው እምቢታ የሚከለከለው።

ስለ ዕቃ መመለሻው ፖሊሲዎም እጅ እነሳለሁ። ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ በ30 ቀን ውስጥ ይመልስ፣ የመመለሻውን ወጪ ሻጭ ይቻል። ባለፈው አንድ ቦርሳ በ29ኛው ቀን ተመለሰልኝ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «አልተጠቀምኩበትም» ተብሎ ተሞልቷል። ከፈትኩት። ሁለት የሲኒማ ትኬት፣ የማስቲካ ልጣጭ፣ የሊፕስቲክ ክዳን። ቦርሳዬ ከእኔ በላይ ዞሯል። ትኬቶቹን ፎቶ አንስቼ ላክሁልዎ። «ማስረጃዎ ንጹሕ ነጭ ጀርባ ላይ አይደለም» እንዳይሉኝ ሰግቼ ነበር። እንዲያ አላሉም፤ ምንም አላሉም።

ከዚያ ደግሞ ኮከቡ። አንዷ ገዢ «ቦርሳው በጣም ያምራል፣ ያመጣው ልጅ ግን በሩን በኃይል አንኳኳ» ብላ አንድ ኮከብ ሰጠችኝ። ይግባኝ አልኩ። «አስተያየቱ ፖሊሲያችንን አይጥስም» ተባልኩ። እኔ ስለ እሷ የምጽፍበት ቦታ የለም። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጭ ለገዢ መጥፎ አስተያየት እንዳይሰጥ ከለከለ። ሻጭ ከዚያ ወዲህ ለገዢ መስጠት የሚችለው በጎውን ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ ለምን በምስጋና እንደተሞላ አሁን ሳይገባዎት አይቀርም።

«ለደህንነትዎ ሲባል ገንዘብዎን ለተወሰኑ ቀናት አቆይተነዋል» ያሉኝንም አልረሳሁም። ገንዘቡ የሚጠበቀው ከማን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። ከእኔ መሆን አለበት። ስክሪኑ ላይ አየዋለሁ፤ በአረንጓዴ ተጽፏል፣ አጠገቡ ትንሽዬ የቁልፍ ምስል አለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ቆዳ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ደግሞ አረንጓዴ ቁጥር አይቀበልም።

ረዳቱን አናገርኩት። ሮቦቱን ማለቴ ነው።

«ሰላም! ምን ልርዳዎ?»

«ገንዘቤ መቼ ይለቀቃል?»

«ስለ ገንዘብ መላክ እየጠየቁ ነው?»

«አይደለም። ስለ መቀበል።»

«ገባኝ! ዕቃ ስለ መቀበል የሚከተለውን ጽሑፍ ያንብቡ።»

«ሰው አገናኘኝ።»

«ይህ ጽሑፍ ረድቶዎታል?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሲጨርስ ለአገልግሎቱ ኮከብ እንድሰጠው ጠየቀኝ። አምስት ሰጠሁት። በሰው ጥፋት ኮከብ ማጣት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ፍርደ ገምድል ግን አልሁን። ገበያው ውስጥ አጭበርባሪ ሞልቷል። ቆዳ ነው ብሎ ፕላስቲክ የሚልክ አለ። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰወር አለ። ለእነሱ ደንብ የግድ ነው። ችግሩ እነሱ ደንብ አያነቡም። የማነበው እኔ ነኝ። አካውንታቸው ሲዘጋ በነጋታው በሌላ ስም ይከፍታሉ። የፎቷቸው ጀርባ ደግሞ እንዴት ነጭ ነው! የእኔ ፎቶ ነዋ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማለትም ወደ ስምምነታችን።

ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «እስማማለሁ» የሚል ነገር አለ። ሰፊ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ በአውራ ጣቴ ልክ የተሠራ ነው። «አልስማማም» የሚለውን ፈለግኩ። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ታች ወረድኩ፣ ስልኩን አጋደምኩት። የለም። ያለው በደበዘዘ ግራጫ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚል ነው። ተጫንኩት። በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ መጡ። ደግሜ ተጫንኩት። በሦስተኛው ቀን ግራጫዋም ጠፋች። ከአረንጓዴው ስር ደግሞ በጉንዳን ፊደል፦ «መጠቀምዎን ከቀጠሉ እንደተስማሙ ይቆጠራል።» ታዲያ አረንጓዴው ለምን አስፈለገ? ተጫንኩት አልተጫንኩት ተስማምቻለሁ። ተኝቼም እየተስማማሁ ነው። እርስዎ ሲያማክሩኝ እኔ ምን ያህል የተከበርኩ ሰው እንደምመስል አያድርስ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህ ነገር አሳስቦት ደንብ አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 12 ቀን 2020 ጀምሮ ይሠራል። እንዲህ ያለ ገበያ ውሉን ሲቀይር ለሻጮቹ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ይንገር፣ ውሉንም በግልጽና በሚገባ ቋንቋ ይጻፍ ይላል። ያልተስማማ ሻጭ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። እሰየው ነው። 15 ቀን ለማንበብ ይበቃል። ለመናደድም ይተርፋል። ለመደራደር ከሆነ ግን 15 ዓመትም አይበቃ፤ ከማን ጋር? ከረዳቱ ጋር?

«ታዲያ ለምን ጥለሽ አትወጪም?» ይሉኛል ወዳጆቼ። እንደ እነሱ ንግግር ቢሆን ቀላል ነበር። ስድስት ዓመት አንድ በአንድ የለቀምኳቸው አራት መቶ ምናምን ኮከቦች አሉኝ። ቦርሳዎቼን ይዤ መውጣት እችላለሁ። ኮከቦቹ ግን እርስዎ ግድግዳ ላይ ነው የተለጠፉት፤ ተነቅለው አይሄዱም። አንዴ ሞክሬም ነበር። የራሴን ድረ ገጽ ከፈትኩ። በሁለት ወር ሦስት ሰው ገባ። አንዷ እኔ ነኝ፣ ይሠራ እንደሆነ ለማየት። አንዷ እህቴ ናት፣ እኔ ለምኛት። ሦስተኛው መንገድ የጠፋው ይመስለኛል፤ አራት ሰከንድ ቆይቶ ወጣ። ገዢው ያለው እርስዎ ጋ ነው። እርስዎም ይህን ያውቃሉ። እኔም እንደማውቅ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ግራጫዋ ብዙ የማትቆየው።

እዚህ ጋ ልጨርስ ብዬ ነበር። ስልኬ ጢን አለ። ሞኟ ልቤ ያው ልማዷን አደረገች። መርፌውን ሰክቼ አነሳሁት።

«ውድ አጋራችን፣ በገዢዎቻችን ጥያቄ መሠረት ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ምርቱን በተፈጥሯዊ ቦታው የሚያሳዩ ፎቶዎች ፍለጋ ላይ ቅድሚያ ያገኛሉ።»

አንሶላውን አውርጄዋለሁ። ጎረቤቴ ጋ መነጽር ልዋስ እየሄድኩ ነው።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
አጋርዎ

ግልባጭ፦
ለረዳቱ (ሳያነበው እንዲመልስልኝ)
ለጎረቤቴ (መነጽሩን አድርጎ እንዳይወጣብኝ)