ከሸራው ስር ያለው

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። የጅቡቲው ከባድ መኪና በዚህ ሲያልፍ ወሬውም አብሮት ያልፋል። በሰሜኑ ጦርነት ሰሞን ሰፈራችን ያለችው ጀበና ቡና ጋ የማይወራ የጦር ዜና አልነበረም። አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎች በተለያየ ሰዓት መጥተው አንድ ዓይነት ነገር ነገሩን። ታንክ የጫነ ኮንቮይ በሌሊት አልፏል፣ ትልቅ ነገር ሊመጣ ነው። ሦስት ሰው ካለማ እውነት ነው አልን። ኋላ ሲጣራ ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሾፌር ነው።

በጦርነት ጊዜ የጠላትን ዝግጅት የሚከታተሉ ሰዎችም እዚሁ ላይ ይሳሳታሉ። ወሬ መሰብሰቡ መንገድ አያጣም። ሰላይ ይላካል፣ ሬዲዮ ይጠለፋል፣ ድሮን ፎቶ ያነሳል። መመዘኑ ነው ጣጣው። እኔ ግን ከመዛኙም በላይ የምፈራው ሰሚውን ነው። አዛዡ ልቡ አስቀድሞ ወደ አንድ በኩል ካዘነበለ፣ የመጣለት ወሬ ሁሉ ወደዚያው ያዘነብላል።

ከዓድዋ ጦርነት ባሻ አውዓሎምን እናንሳ። ለጣሊያኖች የሚሰልሉ መስለው ለኢትዮጵያ የሠሩ የእንትጮ ሰው ናቸው። ለጣሊያን ጦር አዛዥ ለጄኔራል ባራቲየሪ አደረሱት የሚባለው ወሬ፣ የአፄ ምኒልክ ጦር ቀለብ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ነው። ውሸቱን ያሳመረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። የአፄው ጦር በእርግጥም ስንቅ ቸግሮት ነበር፤ ቀለብ ፍለጋ የሚወጣም ነበር። ባራቲየሪም የራሱ ስንቅ እያለቀበት ነው። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል። የካቲት 21 ቀን ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ስለ ማፈግፈግ ቢያነሳ አሻፈረን አሉት። እንዲህ ለተወጠረ ሰው «ጠላትህ ተበትኗል» ከመባል የሚጥም ምን አለ? የካቲት 23 ቀን 1888 ንጋት ላይ የጠበቀው ግን 100,000 ገደማ ሠራዊት ነው። በዚያ ላይ ካርታው ራሱ ስህተት ነበር። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ያለቦታው ስለተሳለ የጣሊያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። ዓድዋ በተነሳ ቁጥር ስለ ጦርና ጎራዴው እናወራለን፤ የባሻ አውዓሎም ሥራ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ቅር ይለኛል።

መረጃ ሞልቶም ይሳታል። በመስከረም 1966 ግብፅና ሶርያ ጦራቸውን ድንበር ላይ ሲያከማቹ እስራኤል ታይ ነበር። የሶቪየት ባለሙያዎች ቤተሰቦች በጥድፊያ ሲወጡም አይታለች። የወታደራዊ መረጃ ኃላፊዎቿ ግን ግብፅ የረጅም ርቀት ቦምብ ጣይና ስከድ ሚሳኤል ሳትይዝ አትዋጋም ብለው ደምድመዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጦር ልምምድ ላይ ነው ተባለ። ከጥቂት ወራት በፊት ጦርነት ይመጣል ተብሎ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ምንም አለመምጣቱም «አይመጣም» ባዮቹን አስከብሯቸው ነበር። መስከረም 26 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተቃራኒውን መከራከር ብቻ የሆነ ክፍል አቋቋሙ። ደመወዝ እየተከፈለው «አይደለም» የሚል ሰው ማለት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ሰው ጨለምተኛ ይባላል፤ ሲብስም የጠላት ወሬኛ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ኮንቮይ ባለፈ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ የሚቀርፅና ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ወጣት በከተማችን ሞልቷል። ሰላይ ምን በወጣው ይለፋል? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመኪናው ብዛት፣ ከጀርባ የሚታየው ሆቴል ሳይቀር ተሟልቶ ይቀርብለታል።

ያን ሾፌር በሳምንቱ ቡናው ጋ አገኘሁት።

«እስቲ በዓይንህ ያየኸውን ንገረኝ» አልኩት።

«ሸራ» አለኝ። «ሸራ የለበሰ ሎቤድ፣ አምስት ወይ ስድስት።»

«ታንኩስ?»

«እኔ ታንክ አላልኩም። ምን ይሆን የጫነው ብዬ ነው የጠየቅኋቸው።»

ቀና ብዬ ሦስቱን ሰዎች ብፈልግ አንዳቸውም አልነበሩም።