አንድ ዋንጫ ስንት ዓመት ያስኬዳል?

ማታ ማታ ከስታዲየሙ ሰፈር ከኔቪ ያርድ ሰው የሚጭን የዲሲ ሀበሻ ሹፌር ሁሉ ይሄን ክርክር በቃሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ከኋላ ይገባሉ። ሁለቱም ቀይ ኮፍያ አድርገዋል። አንደኛው ገና በሩን ሳይዘጋ "ይሄ ቡድን አልቆለታል" ይላል። ጓደኛው "ቢሆንስ? 2019 አለን አይደል!" ይለዋል። በቃ፣ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሬዲዮ አያስፈልግም።

ቡድኑ ዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። ቤዝቦል ነው ጨዋታው። የማታውቁት አትጨነቁ፣ እኔም ብዙ ጊዜ ውጤቱን የማውቀው ከበሩ ነበር። ካሸነፉ በሩን በኃይል ይዘጉታል፣ ከተሸነፉ መዝጋቱንም ይረሱታል። እየቆየሁ ስሰማ ግን የሚጨቃጨቁት ስለ ኳስ እንዳልሆነ ገባኝ። የሂሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ዋንጫ የስንት ዓመት ሽንፈት ዕዳ ይከፍላል?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ዋሽንግተን ዎርልድ ሲሪስ የሚባለውን ትልቁን ዋንጫ በ1924 (ዓ.ም. ካላልኩ በፈረንጅ ነው) አንዴ በልታለች። የዚያን ጊዜው ቡድን ሴናተርስ ይባል ነበር፤ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ሚኒሶታ ገባ። ሌላ ሴናተርስ ተተካ። እሱም ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ነጎደ። ከዚያ 33 ዓመት ሙሉ ዋይት ሀውስ ያላት፣ ኮንግረስ ያላት፣ በየጥጉ ኤምባሲ ያላት ከተማ አንድ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። በ2005 የካናዳው ሞንትሪያል ኤክስፖስ ወደ ዲሲ ተዛወረና ናሽናልስ ተባለ። (ስለ ድሮ ክብር ማልቀስ የሚገባው ሰው ካለ የሞንትሪያል ሰው ነው። በ1994 ኤክስፖስ 74 አሸንፎ 40 ብቻ ተሸንፎ ከሁሉም በላይ ሲመራ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱና ዓመቱ ሳይጨረስ ቀረ። ዋንጫም የለ፣ አሁን ደግሞ ቡድንም የለ። የዲሲ ደጋፊ ግን ሲያማርር ሞንትሪያልን የሚያስታውስበት ጊዜ የለውም።)

ናሽናልስ ስታዲየም ውስጥ በየጨዋታው መሀል አራት ፕሬዚዳንቶች ይሮጣሉ። ትልልቅ የአሻንጉሊት ጭንቅላት ያጠለቁ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት። ቴዲ ከ500 ጊዜ በላይ ሮጦ አንድም ቀን አላሸነፈም ነበር። በጥቅምት 2012፣ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ አሸነፈ። ሕዝቡ አበደ። በዘጠነኛው ቀን ቡድኑ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር ወሳኙን ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። "ቴዲ ባያሸንፍ ይሻል ነበር" ብለው ከልባቸው የሚነግሩኝ የተማሩ ሰዎች አሉ። ጠበቆች ናቸው። ከዚያ በኋላም በ2014፣ በ2016፣ በ2017 እዚያው የመጀመሪያው ዙር ላይ እየደረሱ ወደቁ።

እንግዲህ 2019 መጣ። አጀማመሩ 19 ማሸነፍ፣ 31 መሸነፍ ነበር። ያኔ መኪናዬ ውስጥ የገባ ሁሉ አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ እንዲባረር ነው የሚፈልገው። ግንቦት ላይ "ዛሬውኑ ካልተባረረ" ያሉት ሰዎች ጥቅምት ላይ "እኔ እኮ መጀመሪያም አምኜበት ነበር" አሉ። ያው ሰዎች፣ ያው ኮፍያ። ቡድኑ ሚልዋኪን በአንድ ነጥብ ጣለ፣ ዶጀርስን በተጨማሪው አሥረኛ ኢኒንግ (ዙር) ቀጣ፣ ካርዲናልስን አራት ለዜሮ ጠረገ፣ ከዚያ ሂውስተን አስትሮስን አገኘ። በሰባተኛው ጨዋታ ሆዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ቀኝ ጥግ ያለውን ምሰሶ ገጭታ ሆም ረን (ወዲያው ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ሆነች። ይቺን ድምፅ እነሱ አይረሷትም። አንዱ ተሳፋሪ ታሪኩን ሲነግረኝ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ንግግሩን ያቆምና በቀለበት ጣቱ መስኮቴን "ኳ!" ያደርጋል። ከዚያ ዞር ብሎ ሰማሁ አልሰማሁ ያየኛል። ደንበኛዬ ነው፤ መስኮቱም ለምዶታል።

አሁን የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። የዚያ ዎርልድ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ናሽናልስ አራቱን ሂውስተን ላይ በላ፣ ዲሲ ላይ የተደረጉትን ሦስቱን ግን ሦስቱንም ተበላ። 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። እና ደረቱን ነፍቶ "እኔ ዎርልድ ሲሪሱን እዚሁ ስታዲየም በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ለትኬቱ ያወጣሁትን ለሚስቴም አልነገርኳት" የሚለኝ ሰው ምን እንዳየ አስቡት። በከተማዋ ታሪክ ውዱን ሽንፈት ነው ያየው። ዋንጫውን ያየው ቤቱ ሶፋ ላይ የተጋደመው ነው፣ ወይም ተጫዋች በሌለበት ስታዲየም ትልቁን ስክሪን እያየ ዝናብ ሲደበድበው ያመሸው። ይሄንን ለተሳፋሪ አልናገርም። ኑሮዬ ነው።

ከዋንጫው በኋላ ያለው እንግዲህ የጓሮ በር ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 2019፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት ኮከቦች እኩል የ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙ። አንቶኒ ሬንዶን ሄደ፣ የዎርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች፣ ኳስ ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ ቀረ። የቀረው ጉዳት ያዘውና ከዚያ በኋላ የተሰለፈው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ውሉን ለስምንት አካፍሉት። እዚህ ላይ ኋላ ወንበር ሁሌም ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ "ዘረፈን" ይላል፣ ግማሹ "ዋንጫ አምጥቶልናል፣ ይብላው፣ ሐላሉ ነው" ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ክንዱን ለእነሱ ነው የጨረሰው።

በ2020 ሻምፒዮን ሆነው ሲገቡ ደግሞ ኮቪድ ነው፣ ስታዲየሙ ውስጥ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። የመክፈቻዋን ኳስ ዶክተር ፋውቺ እንዲወረውሩ ተጋበዙ፤ በሽታው እንዳይተላለፍ ሲመክሩ ከርመው ኳሷም ለማንም እንዳትተላለፍ አደረጓት። በ2021 ሐምሌ ላይ ማክስ ሸርዘርና ትሬይ ተርነር በአንድ ቀን ወደ ዶጀርስ ተሸጡ። በ2022 ደግሞ ሁዋን ሶቶ።

የሶቶ ነገር የሀበሻ ቤት ጉዳይም ሆኖ ነበር። ቡድኑ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። ልጁ እምቢ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ይሄ ወሬ ሲነሳ ቡና የምታፈላው እማማ ጀበናውን አስቀምጣ "ልጁ ጤነኛ ነው?" አለች። እኛም ጤናውን ተጠራጠርን። ሶቶ ለሳን ዲየጎ ተሸጠ፣ ኒውዮርክ ዞረ፣ በታኅሣሥ 2024 ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ፈረመ። እማማ ዜናውን ስትሰማ ዝም ብላ ሁለተኛውን ቀዳች። ጤና የጎደለን እኛ ነን።

የዚያ ዓመት፣ የ2022፣ ናሽናልስ 107 ጨዋታ ተሸነፈ። ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻ። በዚያው ሰመር ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ? የቡድኑ አንጋፋ የራያን ዚመርማን 11 ቁጥር ማሊያ በክብር ተሰቀለ። ዚመርማን ይገባዋል፣ ከ2005 ጀምሮ ሌላ ቡድን ሳያይ ነው የኖረው። ብቻ ሜዳው ላይ የሚታይ ነገር ሲጠፋ ሰው ቀና ብሎ የተሰቀለውን ያያል፣ የስታዲየም አስተዳዳሪዎችም ይሄን ከማንም በፊት ያውቁታል።

በዚያ ላይ ቤዝቦል በዓመት 162 ጨዋታ ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል። የእኛ ሰው ቡድኑ እሁድ ከተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ ይቆያል። እነዚህ ለኩርፊያም ጊዜ የላቸውም፣ ነገ ማታ ደግሞ አለ። ጭካኔው ደግሞ መጥፎ ቡድንም ቢሆን ሁሌ አለመሸነፉ ነው። 107 የተሸነፈው ቡድን እኮ 55 ጊዜ አሸንፏል! ማክሰኞ ያሸንፋል፣ ረቡዕ ያሸንፋል፣ ሐሙስ መኪናዬ ውስጥ "ምናልባት..." የሚል ድምፅ ይሰማል። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ይረግጡታል። ሁሌ ቢሸነፍ እኮ ሰው ቆርጦለት ልብሱን ያጥብ ነበር።

ስለዚህ ከ2020 እስከ 2025 ስድስት ዓመት በተከታታይ ከማሸነፍ ይልቅ መሸነፉ በዝቶ ነው የጨረሰው። ክርክሩ እዚህ ላይ ይጦዛል። አንዱ "ከ1924 እስከ 2019፣ 95 ዓመት የጠበቀ ከተማ ለስድስት ዓመት አያለቅስም" ይላል። ጓደኛው ስልኩን ያወጣና ይደምራል። "በዚህ ስሌት ቀጣዩ በ2114 ነው" ይለዋል። ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም። በሐምሌ 2025 አሰልጣኙ ማርቲኔዝና ቡድኑን የሠራው ማይክ ሪዞ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። (በ2019 ግንቦት ይባረር ያሉት ሰዎች "አላልኩም?" አሉ። ስድስት ዓመት ቢዘገይም ትንቢት ትንቢት ነው።) አዲሱ አሰልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ሲቀጠር 33 ዓመቱ ነው። በሶቶ ምትክ ከመጡት ልጆች አንዱ ጄምስ ዉድ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። በዚያው ሐምሌ ደግሞ ከአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛውን ዕድል አግኝተው ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ወሰዱ። አሥራ ሰባት! ተሳፋሪዎቼ ስለዚህ ልጅ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ልጁ ገና በወጉ ፂም አላበቀለም፣ የስድስት ዓመት ዕዳ ግን ተሸክሟል።

አንድ ማታ ታዲያ አንዱ በምሬት "ስድስት ዓመት! አንተ ይሄን ስቃይ ልትረዳው አትችልም" አለኝ። ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

ስለ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነገርኩት፣ በእነሱ 1962 መሆኑን ጨምሬ። የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነበር። አራት አገር ብቻ ስለነበረ ሁለት ጨዋታ በቂ ነው፤ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። በዚያው ዓመት የእናንተው ሴናተርስ 101 ጨዋታ ተሸንፏል አልኩት፣ ትንሽ ልቆረቁረው ብዬ። ከዚያ ወዲህስ? አለኝ። ከዚያ ወዲህማ... ከ1974 እስከ 2005 ዓ.ም. ለ31 ዓመት ውድድሩ ላይ እንኳ አልደረስንም። ስንደርስ ከዛምቢያ ጋር አንድ አቻ ወጥተን ዋንጫ የበላን ያህል ጨፈርን።

ስለ ጋሼም ነገርኩት። ዲሲ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያን ቀን ስታዲየም ነበር። አንድ የማከብራቸው ጋሼ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጎል ሲያገባ እጃቸውን እያወናጨፉ ይተርኩልኛል። አንድ ቀን ዕድሜያቸውን ባሰላው ያኔ ዓመት ተኩላቸው ነው። "ጋሼ፣ እንዴት አዩት?" ብላቸው ሳይደናገጡ "አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ" አሉኝ።

ተሳፋሪው አልሳቀም። 1962 የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ በአፉ አላመጠው። ያኔ የእሱ አባት እንኳ አልተወለደም። ቤቱ ስንደርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ ወንድሜ፣ ጠንካራ ሰው ነህ" አለኝና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወረደ። ስልኬን ባየው የጉዞውን ሂሳብ የሚያህል ቲፕ ጨምሮልኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኔቪ ያርድ ጥግ እቆምና፣ ናሽናልስ የተሸነፈበትን ማታ መርጬ፣ ተሳፋሪው 2019ን እስኪያነሳ እጠብቃለሁ።