«ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው» ላላችሁኝ ሁሉ

ዛሬ ካልተናገርኩ ያንቀኛል።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ልደት ነበር። እኔም አፌን ሞልቼ «ካፕኬኩን ለእኔ ተዉት» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። በዕለቱ ላለመዋከብ ብዬ ሐሙስ ማታ ጋገርኩ። 36 ፍሬ። ከኦቨን ሲወጡ ብታዩአቸው! በጣት ጫን ሲሏቸው ስምጥ ብለው መልሰው ቀና የሚሉ። አንዱን እዚያው ቆሜ በላሁ። እሺ፣ ሁለት።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ የት ላቆያቸው ብዬ ምክር ጠየቅኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው። «ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው፣ ምንም አይሆንም።» ሁሉም በአንድ አፍ! ከተትኩ።

ቅዳሜ አውጥቼ አንዱን ስገምጥ ፍርክስክስ ብሎ ግማሹ ልብሴ ላይ ቀረ። አፌ ውስጥ የገባውም አሸዋ አሸዋ ይላል። ይባስ ብሎ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። የቫኒላ ካፕኬክ እኮ ነው! ባለልደቷ ክሬሙን ላሰችና የቀረውን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የ6 ዓመት ልጅ ይሉኝታ አታውቅም።

ኬክ በፍሪጅ እንደሚደርቅ ለምን ማንም አይናገርም? ጉዳዩ ውሃው መትነኑ ብቻ አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ሲቀመጥ ደግሞ ቀስ በቀስ መልሶ ይጠጥራል። ይሄ ነገር በጣም የሚፈጥነው ታዲያ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። ጠረጴዛ ላይ ይዘገያል። ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ፣ ቆመ ማለት ይቻላል። እኔ ከሦስቱ መርጬ የከፋው ቦታ ከተትኳቸው። የእኔ ደግሞ በቅቤ የተሠራ ነው፤ ቅቤው ራሱ ረግቶ ድርቅ አለ። በዘይት ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይሻል ነበር።

«ትኩስ እያለ ክደኚው» የምትሉም አላችሁ። እናንተን ባለፈው ሰምቻችኋለሁ። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ መልሶ ተንጠባጠበባቸው። አናታቸው ሙጫ ሆነ፣ ወረቀታቸው ተላቀቀ።

እሁድ በንዴት 12 ጋገርኩ። በደንብ እስኪቀዘቅዙ ጠበቅኩ፣ ክሬም አላስነካኋቸውም። ስድስቱን አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግቼ ጠረጴዛ ላይ ተውኩ። ስድስቱን አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር። ዛሬ ማክሰኞ ቀመስኩ። የጠረጴዛዎቹ ለስላሳ ናቸው። የፍሪዘሮቹ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ዛሬ የተጋገሩ ይመስላሉ። ብቻ በረዶው እስኪለቅ ላስቲኩን አትፍቱ፤ ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቅር እንጂ ኬኩ ላይ አይረፍ። ክሬሙ በዕለቱ ይቀባል። ክሬም ቺዝ ወይም የተመታ ክሬም ከሆነ ግን ከተቀባ በኋላ ፍሪጅ የግድ ነው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ቀቡት።

ይሄን ሁሉ ለዋናዋ መካሪዬ በስልክ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«የላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርገሽው ይሆናል። ከታች ነበር እኮ።»