አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ዕጣ

ስለ መንግሥት አወቃቀር ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ሁልጊዜ ከጣሪያው ነው የሚጀምረው። ፕሬዚዳንታዊ ይሻላል ወይስ ፓርላማዊ? ፌደራላዊ ወይስ አሃዳዊ? በዚህ ስንነታረክ እናመሻለን። እኔም ብዙ ተነታርኬበታለሁ። አሁን አሁን ግን የአንድ አገር ሕገ መንግሥት እጄ ሲገባ መግቢያውንም የመብቶቹንም ምዕራፍ ዘልዬ በቀጥታ ወደ አስቸኳይ ጊዜው አንቀጽ እሄዳለሁ። መብት መዘርዘር ማንንም አይከብድማ። ስታሊን እንኳ በ1936ቱ ሕገ መንግሥት ለሶቪየት ዜጎች የመናገር፣ የመጻፍና የመሰብሰብ ነፃነት አድሏል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1937 ግን መንግሥቱ የራሱን ዜጎች በገፍ ያስርና ይገድል እንደነበር ይታወቃል።

አስቸኳይ ጊዜው ላይ ስደርስ ማን ያውጃል የሚለውን ቶሎ አልፈዋለሁ። የማየው ማን ያነሳል የሚለውን ነው። በብዙ አገሮች መልሱ ተቀራራቢ ነው፦ ፓርላማው ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ያወጀውን ማንሳት አለበት። ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ዕድል የለውም።

ከጀርመን እንጀምር። የ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 48 ለፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሰጠ። ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ብቻ ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ፓርላማው ከጠየቀ እርምጃው ይሻራል ተብሎ ተጽፏል። ጁላይ 18 ቀን 1930 ፓርላማው በዚህ መብቱ ተጠቀመ። የመራሔ መንግሥት ብሩኒንግን የበጀት አዋጅ በድምፅ ሻረው። ደስታው ግን አልቆየም። ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ በዚያው ቀን ፓርላማውን በተኑት። አዋጁም ጥቂት ተነካክቶ በዚያው ወር ተመልሶ ወጣ። ይህን ለማድረግ ፕሬዚዳንቱ ሕግ መጣስ አላስፈለጋቸውም። አንቀጽ 25 ፓርላማ የመበተን ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። 48 በፊት ለፊት የሰጠውን 25 በጓሮ በር ወሰደው። ሴፕቴምበር ላይ በተደረገው ምርጫ 12 መቀመጫ የነበራቸው ናዚዎች 107 ይዘው ገቡ።

ሁለተኛው ሶል ላይ ነው፣ በ1980። ደቡብ ኮሪያ ያኔ የምትመራው ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በ1972 ለራሳቸው ልክ ባሰፉት ሕገ መንግሥት ነበር። ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛውን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ያቀርባሉ። የሚገርመው፣ ያ ሕገ መንግሥት እንኳ ያችን ዓረፍተ ነገር አልጣላትም። ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ወታደራዊ ሕጉን ማንሳት አለባቸው ይላል። ፓርክ በ1979 ተገደሉ፣ ወታደራዊ ሕግ ታወጀ፣ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ጄኔራል ቹን ዱ ሁዋን እጅ ገባ። የምክር ቤት አባላቱ ሜይ 20 ቀን 1980 ተሰብስበው ወታደራዊ ሕጉ ይነሳ ሊሉ ቀጠሮ ያዙ። ጄኔራሎቹ ቀደሟቸው። ሜይ 17 ሌሊት ወታደራዊ ሕጉ በመላ አገሪቱ እንዲሠራ ተደረገ፣ ምክር ቤቱንም ወታደር ያዘው። በቀጠሮው ቀን የመጡት አባላት ከበር ተመለሱ። አንቀጹን የነካው የለም። ቆጠራው ግን አልተጀመረም።

ሦስተኛውም እዚያው ሶል ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 2024፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በቴሌቪዥን ብቅ ብለው ወታደራዊ ሕግ አወጁ። ልዩ ኃይል የጫኑ ሄሊኮፕተሮች ምክር ቤቱ ግቢ አረፉ። በሮቹን ፖሊስ ዘጋ። አፈ ጉባዔው ዉ ዎን ሺክ ያኔ የ67 ዓመት ሰው ነበሩ። አጥር ዘለው ገቡ። የተቃዋሚው መሪ ሊ ጄ ሚዩንግም አጥሩን ሲዘሉ በስልካቸው በቀጥታ እያስተላለፉ ነበር። ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ጠረጴዛና ወንበር ቆልለው መተላለፊያውን ዘጉ። ወታደሮቹ መስኮት ሰብረው ሲገቡ የእሳት ማጥፊያ ረጩባቸው።

እኔን የያዘኝ ግን አጥሩ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የደረሱት አባላት "ቶሎ! ቶሎ!" እያሉ አፈ ጉባዔውን ይወተውታሉ። ወታደሩ ሕንፃው ውስጥ ገብቷል። ሰውየው ግን የውሳኔ ሐሳቡ በደንቡ መሠረት እስኪመዘገብ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። አንዲት ነገር ከተዛነፈች ነገ ውሳኔው ሕጋዊ አይደለም ይባላል ብለው ሰግተዋል። በዚያች ሰዓት ቢሮክራት መሆን ከአጥር መዝለል ይከብዳል ባይ ነኝ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ድምፅ ተሰጠ። ከ300ው አባላት የሚያስፈልገው 151 ነው። የተገኙት 190 ነበሩ፣ 190ዎቹም ይነሳ አሉ። ወታደሮቹ መውጣት ጀመሩ።

በ1980 እና በ2024 መካከል ምን ተለወጠ? አንዱ ጎረቤት አንቀጹ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ያስጻፈው፣ ምክር ቤት የመበተንን ሥልጣን ከፕሬዚዳንቱ ነጥቋል። ዩን እንደ ሂንደንበርግ "ተበትናችኋል" ማለት አይችሉም ነበር። ሌላው ሰው ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ዩንን በሙሉ ድምፅ፣ 8 ለ 0፣ ከሥልጣን ሲያነሳ ይህንኑ ጠቅሷል። ምክር ቤቱ በፍጥነት መወሰን የቻለው ዜጎች ስለተቃወሙና ወታደሩና ፖሊሱ ትእዛዙን በዳተኝነት ስለፈጸሙ ነው አለ።

ዳተኝነት! ፍርድ ቤት ወታደርን በዳተኝነቱ ሲያመሰግን ያየሁት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ "አየህ፣ ወረቀቱ ምንም አይደለም፣ ዋናው ሰው ነው" የሚለኝ አይጠፋም። አልስማማም። እስቲ ከእነዚያ ወታደሮች አንዱን አስቡት። ሌሊት ነው፣ ብርድ ነው፣ ፊቱ የአገሩ ሰው ቆሞ ይጮህበታል። እስከ 7 ሰዓት ድረስ እጁ ላይ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው። ቢለግም ጥፋተኛ ነው። ቆጠራው ከ151 ሲያልፍ ግን የሚይዘው ነገር አገኘ። አዛዡም አገኘ፣ ሚኒስትሩም አገኘ። ተመካክረው አይደለም፣ ተገናኝተውም አያውቁም። ሁሉም ግን ያን ቁጥር ያውቁታል። ወረቀቱ ጀግና አይሠራም። መታዘዝ ላልፈለገ ሰው ግን ሰበብ ያቀብለዋል፣ ያውም ለሁሉም በአንድ ጊዜ።

ወረቀቱ የማይደርስበት ቦታም አለ። የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ 108 መቀመጫ ነበረው። ይነሳ ካሉት 190ዎቹ ውስጥ የዚያ ፓርቲ አባላት 18 ብቻ ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ያን ሌሊት የተሰበሰቡት በፓርቲያቸው ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። የሁሉንም ልብ አላውቅም። ግን ተወካይ ሆነው ሳለ ግራ ሲገባቸው እግራቸው የሚወስዳቸው ወደ ፓርቲው ከሆነ፣ ነገሩ ከሥርዓቱ ስም በላይ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ የሚያደርገኝ ማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ፕሬዚዳንታዊ ነው ፓርላማዊ ከሚለው ይልቅ ፖለቲከኛን እንደሚገዛው አምናለሁ። ሕገ መንግሥቶች ደግሞ ስለ ፓርቲ ውስጣዊ ሕይወት ብዙ አይናገሩም።

ስለዚህ ሕገ መንግሥት ሊረቀቅ ወይም ሊሻሻል ነው ሲባል የምጠይቃቸው ተራ ተራ ጥያቄዎች ናቸው። አፈ ጉባዔው ቢታሰር ስብሰባ የሚጠራው ማን ነው? አዳራሹ ቢዘጋ የት ይሰበሰባሉ? አባላቱ ወደ ስብሰባ ሲሄዱ መንገድ ላይ መያዝ ይቻላል? አዋጁ ይነሳ ብሎ የጠየቀ ፓርላማ በማግስቱ ሊበተን ይችላል? ይህን ሳነሳ ሰዎች ይሰለቻሉ። ስለ ብሔራዊ መንፈስ የሚያወራውን መግቢያ ይመርጣሉ።

ሶል ላይ እንኳ አንቀጹ ፕሬዚዳንቱ "ማንሳት አለባቸው" ይላል እንጂ በስንት ሰዓት ውስጥ አይልም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድምፁ ተቆጠረ፣ ውጤቱ ታወጀ፣ ከፕሬዚዳንቱ በኩል ግን ዝም ነበር። ካቢኔው ወታደራዊ ሕጉን ያነሳው 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አፈ ጉባዔው በነዚያ ሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስብሰባውን አልዘጉም። አባላቱም አዳራሹን ለቀው አልሄዱም።